ወርቅ የሌለው ሰም
(ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክረምት ትምህርት አመራረጥ)

ጊዜ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ሀብቶች ሁሉ የሚለየው፣ ሌላው ሀብት ቢጠፋ ተሠርቶ ወይም ተለምኖ ሲመለስ እርሱ ግን አንድ ጊዜ ካለፈ የማይመለስ በመሆኑ ነው። ይህን ሁሉም ሰው በቃሉ ይናገረዋል፤ በግብሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አንድ በግ የጠፋበት አባት ጋራ ለጋራ ሲያስስ ያመሻል፤ ልጁ ሁለት ወር ከመንፈቅ ሲጠፋበት ግን «ክረምት ነውና ይረፍ» ብሎ ዝም ይላል። ወይም ዝም እንዳይል ኅሊናው ቢወቅሰው፣ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አንብቦ፣ የተጠየቀውን ብር ከፍሎ፣ ልጁን ያስመዘግብና የአባትነት ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ገንዘብ የወጣበት ስሕተት ስለ ሆነ ጥበብ ይመስላል።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ነው። የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ከዚህ ያጥራል፤ ቢሆንም ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መባቻ ያለው ሲቈጠር 70 ቀን ያህል ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት ሲሆን፣ ብሔራዊው ፈተና በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ተማሪው ከፈተናው በፊት የሚያገኘው ክረምት ሦስት ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ 70 ቀን 210 ቀን ነው። ይህም ቍጥር ተማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ በእውነት ክፍል ገብቶ ከሚማርባቸው ቀኖች ቍጥር ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ሦስቱን ክረምት ያባከነ ተማሪ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት እንዳባከነ ይቈጠራል፤ በደንብ የተጠቀመባቸውም አንድ ዓመት እንደ ተጨመረለት ይቈጠራል። የክርክሩ ክብደት በዚህ ይታወቃል።

ይህ ነገር በየስፍራው የሚነገር ቢሆንም በኮን ሲነገር የተለየ ትርጕም አለው። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው ጐዳና ያልፍባታል። ሐምሌ በገባ ጊዜ የደጋው ጉም እስከ ረፋድ አይነሣም። ከገጠሩ ቀበሌ መጥተው፣ በከተማው ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት እየተሸከሙ የሚማሩ ልጆች ሰኔ ሲያልቅ የኪራይ ቤታቸውን ለቀው ይበተናሉ። አንዳንዱ ለገብስና ለባቄላ አረም ወደ አባቱ ማሳ ይመለሳል፤ አንዳንዱ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ወልድያ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ አባቱ በግ ሸጦ የሰጠውን ብር ይዞ «ኮርስ» ወደሚባለው ነገር ይገባል።

ዋድላ ግን በሌላ ነገር የታወቀ አገር ነው። ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የቅኔ ቤት ተብሎ የሚጠራ፣ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ እየተጓዘ መምህር ሲፈልግበት የኖረ ምድር ነው። መምህርን መርጦ መማር ምን እንደ ሆነ ለሌላው ሊያስተምር የሚገባው ይህ አገር፣ ዛሬ ልጆቹን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ እየተመራ ሲልክ መታየቱ የሚያሳዝን ነው። መለኪያው በእጁ ሳለ ያለ መለኪያ ይገዛልና።

ክረምቱን በሚመለከት ሕዝቡ በሦስት ወገን የተከፈለ ይመስላል።

የመጀመሪያው ወገን «ልጁ ዓመቱን ሙሉ ደክሟል፤ ክረምቱን ይረፍ» የሚለው ነው። ዕረፍት ለሰው ሁሉ እንደሚገባ ማንም አይክድም። ነገር ግን ማረፍና ሥራ መፍታት አንድ አይደሉም። መሬት እንኳ ጦም ሲያድር አረም ያበቅላል። በአሜሪካ ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች በረጅሙ የዕረፍት ጊዜ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚዘነጉ፣ ጉዳቱም በሒሳብ እንደሚከፋ አመልክቷል። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች በመጠኑ ላይ ተከራክረዋል፤ ነገር ግን ያልተደገመ ትምህርት እንደሚጠፋ ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ ዳዊት ደግሞ ለአንድ ክረምት የተወ ልጅ ሁሉ ምስክር ነው። ደግሞስ የሰሜን ወሎ ተማሪ ከምን ሥራ ነው የሚያርፈው? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አካባቢው ገባ፤ ላሊበላም በሐምሌ መጨረሻ ተያዘች፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ አገሩ የጦር ሜዳ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ በብዙ ስፍራ የትምህርት ቤት በር ተዘጋ። እነዚህን ዓመታት በልጅነቱ ያሳለፈ ተማሪ ዕረፍቱን ሳይወድ በግድ አርፎታል። አሁን የሚያስፈልገው የጐደለውን መሙላት ነው።

ሁለተኛው ወገን ወረቀት ሰብሳቢው ነው። ይህ ወገን ክረምትን የሚለካው በተማረው ሳይሆን በተቀበለው የምስክር ወረቀት ብዛት ነው። «በሁለት ወር ኮምፒዩተር»፣ «በአርባ አምስት ቀን እንግሊዝኛ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ከመማሩ አስቀድሞ ስለ ምርቃቱ ይጠይቃል፤ ስለ መምህሩ ማንነት ግን አይጠይቅም። መስከረም ሲጠባ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ኮምፒዩተሩን ክፈት ቢሉት ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በእንግሊዝኛ አንድ ደብዳቤ ጻፍ ቢሉት ያፍራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የቅኔ ሰው ይህን በአንድ ቃል ይፈርደዋል፦ ወርቅ የሌለው ሰም ነው። ሰም የሚፈለገው ወርቁን እንዲሸፍንና እንዲያሳይ ነው፤ ወርቁ ከሌለ ሰሙ ጥቂት ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ይቀራል። ሙቀቱም ፈተና ወይም ሥራ ነው።

ሦስተኛው ወገን ፈሪው ነው። ይህ ወገን ሊነቀፍ አይገባም፤ የሚፈራበት ምክንያት አለውና። ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ደንግጦ ልጁን ከሰኔ እስከ መስከረም የመጪውን ዓመት መጽሐፍ በሩጫ ወደሚያስጨርስ ቤት ቢሰድደው አይደንቅም። ነገር ግን ነገሩን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ተቃራኒውን ይረዳል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተወሰደው ስርቆትና መኰራረጅ እንዲቀር ነው። ያን ጊዜ የታየው ጕድለት የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ አለመጨረስ ብቻ አልነበረም፤ ከሥር የተሠራው መሠረት መሳሳቱ ጭምር ነው። ክፍልፋይን በሚገባ ያልተማረ ልጅ የ11ኛ ክፍልን ሒሳብ በሐምሌ አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ቢሰማው ሁለት ጊዜ አልገባውም ማለት ነው እንጂ ሁለት ጊዜ ተማረ ማለት አይደለም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መሠረቱ የላላ ቤት የሚጠገነው ጣሪያውን በማክበድ አይደለም።

እንግዲህ መለኪያው ምንድር ነው? መለኪያው በዋድላ በራሱ በቅኔ ቤቱ ሥርዐት ተጽፎ ይገኛል።

በቅኔ ቤት ተማሪ የሚመርጠው ደብሩን ሳይሆን መምህሩን ነው። የደብሩ ስም ታላቅ ቢሆንም መምህሩ ከሌሉ ተማሪው ይበተናል፤ መምህሩ በትንሽ የገጠር አጥቢያ ቢቀመጡ ግን ተማሪ በዙሪያቸው ጎጆ ቀልሶ፣ ቍራሽ ለምኖ፣ ብርድና ቍንጫ ታግሦ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነው?» ሳይሆን «ማን ያስተምራል?» የሚል ነው።

ዳግመኛም በቅኔ ቤት ሰምቶ ብቻ መውጣት የለም። ተማሪው ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ይኸውም ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ሐሳብ፣ የራሱን ሰምና ወርቅ ፈልጎ በዜማው ልክ መግጠም ነው። የባልንጀራውን ቅኔ አምጥቶ ልናገር ቢል ወዲያው ይታወቅበታል፤ ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና። ስለዚህ በየቀኑ የገዛ ሥራውን ይዞ መቅረብ ግዴታው ነው።

የሠራውንም የሚሰማው አለ። አስነጋሪው ወይም የኔታ ቀርበው ይሰሙታል፤ ቃሉ ከአገባቡ ቢጣላ፣ ሰሙ ከወርቁ ባይገናኝ፣ ቤቱ ቢጐድል ያርሙታል። እርማቱ በጓደኞች መካከል ስለሚሰጥ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ያፈረበትን ስሕተት ሁለተኛ የሚደግም ተማሪ ጥቂት ነው።

ደግሞም ደረጃ አለው። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይወጣል። ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ ልዝረፍ የሚል ቢኖር መሣቂያ ይሆናል። በመጨረሻም ማስረጃው ወረቀት አልነበረም፤ በበዓል ቀን፣ በማኅሌቱ መካከል፣ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት «ተቀኝ» በተባለ ጊዜ ቆሞ መቀኘት ነበር። የተማረ ይቀኛል፤ ያልተማረ ይቆማል።

ይህን የሰማ ሰው «ኮምፒዩተርንና ሒሳብን ከቅኔ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?» ይል ይሆናል። የሚያገናኛቸው ተማሪው ነው። የሚማረው ነገር ቢለያይም የሚማርበት አእምሮ አንድ ነው። ለዚህም ምስክር ከሩቅ አገር ይምጣ። በአሜሪካ ስማቸው በገነነ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጡ ብዙ የክረምት ትምህርቶች አሉ፤ ለጥቂት ሳምንታት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዶላር የሚያስከፍሉ አሉባቸው። ወላጆች ልጃችን በዚያ ግቢ ካደረ በኋላ በዚያው ይቀበሉታል ብለው ይከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይህን መማር ለመግቢያ የሚሰጠው ብልጫ የለም ብለው ራሳቸው ይጽፋሉ። በአንጻሩ ሪሰርች ሳይንስ ኢንስቲትዩት የሚባል፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚካሄድ የክረምት ትምህርት አለ። የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የሚገባበትም በብር ሳይሆን በችሎታ ነው። ተማሪው ለአንድ የምርምር ሰው ይመደባል፤ የራሱን ጥናት ይሠራል፤ ይታረማል፤ ጽፎም በጉባኤ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ይህን ያየ የዋድላ ሰው «ይህ የቅኔ ቤት ነው እንጂ ሌላ ምንድር ነው?» ቢል አልተሳሳተም። የተመረጠ መምህር፣ የገዛ ሥራ፣ እርማት፣ በጉባኤ ፊት መቆም፤ አራቱም አሉ። በዚያም አገር ሰሙና ወርቁ ተለይተው ይታወቃሉ፤ በስም የሚገዛ ሰው በዚያም አለ።

በዚህ መለኪያ የአገሩ የክረምት ትምህርት አንድ በአንድ ይመዘን።

ኮምፒዩተር አስተምራለሁ የሚል ቢኖር፣ አንድ መኪና ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚካፈለው፣ መብራት በጠፋ ቀን ምን እንደሚሠራ ይጠየቅ። ከሁሉም በላይ «ልጄ በነሐሴ መጨረሻ ብቻውን ምን ሠርቶ ያሳየኛል?» ተብሎ ይጠየቅ። የሰፈሩን ዕድር ሒሳብ የሚያሰላ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለዕድሩ ጸሐፊ ቢያስረክብ፣ ያ ሥራ ከዐሥር ወረቀት ይበልጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር የፕሮግራም አጻጻፍንና የዳታ ትንተናን የመሰለ ትምህርት በኢንተርኔት በነጻ እንዲገኝ ማድረጉ መልካም ነው። ነገር ግን መልሱን ከሌላ ቀድቶ የምስክር ወረቀቱን ያወጣ ተማሪ ራሱን እንጂ መንግሥትን አላታለለም፤ የባልንጀራውን ቅኔ እንዳቀረበ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ያለ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማበልጸጊያ ማእከል ተማሪዎችን በክረምት ተቀብሎ በቤተ ሙከራ በእጃቸው እንዲሠሩ ሲያደርግ፣ ዕድሉን ያገኘ ልጅ ሊሄድ ይገባዋል፤ የሚሄደው ግን ባሕር ዳርን አየሁ ለማለት ሳይሆን በእጁ ለመሥራት ይሁን። የመንገዱ ደኅንነት፣ የሚያድርበት ቤት፣ የሚጠብቀው ዘመድ አስቀድሞ ይታሰብ፤ የልጅ ሕይወት ከኮርስ ይበልጣልና።

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ የሚልም እንዲሁ ይመዘን። ተማሪው በየቀኑ አንድ ገጽ ጽፎ መምህሩ በቀይ ቀለም የሚያርምለት ከሆነ ክፍያው ይገባዋል፤ በአንድ ክፍል መቶ ልጅ ሰብስቦ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈውን የሚያስገለብጥ ከሆነ ግን ያ ትምህርት ሳይሆን የእጅ ጽሕፈት ልምምድ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርትም ቢሆን፣ አስቀድሞ ተማሪውን ፈትኖ የጐደለውን ያወቀ፣ የ7ኛ ክፍልም ቢሆን ያን ጕድለት ለመሙላት የማያፍር መምህር ቢገኝ እርሱ ይመረጥ። ጉባኤ ቃና ሳይሞላ መወድስ አይዘረፍም።

ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎትም የሚነገር አለ። በክረምት ወጣቶች ችግኝ ይተክላሉ፤ የአረጋውያንን ቤት ያድሳሉ፤ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። መትከል መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በሐምሌ የተከለውን በጥር ሄዶ ያላየ ተማሪ የተማረው መትከልን ሳይሆን ፎቶግራፍ መነሣትን ነው። ማስተማር ግን ከአገልግሎቶቹ ሁሉ ለተማሪው የሚበልጥ ጥቅም አለው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚል ነበር፤ ትምህርቱም እስከ 15 ቋንቋ ተሰጥቶ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ስለዚያ ዘመን መንግሥት የሚነገረው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመቻ ፊደል ለሽማግሌ ያስቈጠረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የሚያውቀውን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በልጅነቱ ተረድቷል። ዛሬም የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ለአምስት የ4ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ብታስተምር፣ ከአምስቱ ይልቅ የምትጠቀመው እርሷ ናት። ዋጋውም ጠመኔና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከካህናትም ወገን አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ክረምቱን አብነት ትምህርት ቤት ይግቡ» ሲል ይሰማል። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም መልስ ሊሰጠው ይገባል። ቅኔ በሁለት ወር አይያዝም፤ ዓመታት ይፈልጋል። ልጁን ስሙ እንዲጠራ ብቻ ለሁለት ወር ነጠላ አልብሶ መስደድ፣ የዚያኛው ወላጅ ወረቀት እንዲሰቀል ብቻ ኮርስ እንደሚያስገባው ያለ ነው፤ ሰሙ ተለወጠ እንጂ ወርቁ አሁንም የለም። ነገር ግን ልጁ ወዶ፣ መምህሩ ተገኝተው፣ ወሰኑም ታውቆ የሚሄድ ከሆነ ትርፉ ብዙ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ከቀተለና ከቀደሰ ተነሥቶ ስምንቱን የግስ አርእስት ያጠና፣ ግስ መርባትን የለመደ ተማሪ፣ የአማርኛውን ቃል ሥር ያውቃል፤ መዝገበ ቃላት መፈተሽ ይጀምራል፤ የእንግሊዝኛው ግስ ሲረባም አይደነግጥም። ይህ ሊመረጥ የሚገባው አብነት ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ የተነገረው መለኪያ ሁሉ ስለሚገኝበት ነው።

ስለ ቤት ሥራም ዝም ማለት አይገባም። በደጋ አገር ክረምት የአረም ጊዜ ነው፤ የልጁ እጅ ከማሳው ቢጐድል የዓመቱ ቀለብ ይጐድላል። ስለዚህ ለገበሬ ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሚወስድ ትምህርት መምከር የደላው ሰው ምክር ነው። ሲያርም የዋለ ልጅ ሰነፍ አይባልም። ነገር ግን ሥራው ሁሉ በሴት ልጅ ላይ ሲጫን መታየቱ ሊነቀፍ ይገባል። ወንዱ «ያጠናል» ተብሎ ሲለቀቅ፣ እኅቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከብት አስገብታ ማታ መጽሐፍ ስትገልጥ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ሁለቱ ግን ለአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። በነሐሴ አጋማሽ አሸንድዬ ስትጫወት አገር የሚያያት ልጅ፣ በቀሩት ቀኖች ሁለት ሰዓት ለጥናት ቢሰጣት ቤቱ አይፈርስም።

«በኮን የሚመረጥ ምን አለና?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ እውነት ያለበት ነው፤ ምርጫ የሚባለው ነገር ያለው ለባለ ገንዘብ ነው ቢባልም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የቅኔ ቤት የተሠራው በገንዘብ አልነበረም፤ አንድ መምህርና ጥቂት ጎጆ ነበር። በክረምት ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ቤቱ የሚመለስ የኮን ልጅ አለ፤ ደመወዙን እየተቀበለ በዕረፍት ላይ ያለ መምህር አለ፤ በሥራ ቀን ተዘግቶ የሚውል የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አለ፤ ጠመኔም በገበያ አለ። አምስት ተማሪዎች ተስማምተው፣ አንድ የሚያርማቸው ሰው ለምነው፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ጽፈውና ዐሥር የሒሳብ ጥያቄ ሠርተው፣ በነሐሴ መጨረሻ በወላጆቻቸው ፊት የተማሩትን ቆመው ቢያስረዱ፣ ብዙ ብር ከሚያስከፍለው ኮርስ የሚበልጥ ትምህርት በኮን ተከፈተ ማለት ነው። የጐደለው ሀብት ሳይሆን የሚያሰባስብ ሰው ነው። የደብር አለቃ አዳራሹን ቢከፍት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መምህር ቢመድብ፣ ከተሜውም ለጠመኔና ለመጽሐፍ ቢያዋጣ፣ ነገሩ ተፈጸመ። ይህን ሳያደርጉ ትውልዱ ሰነፈ ብሎ በየበዓሉ መውቀስ ግን ወቀሳውን በራስ ላይ መመለስ ነው።

እንግዲህ ወላጅ ሆይ፣ ሰኔ ሲጠናቀቅ ከኪስህ ብር ከማውጣትህ በፊት ጠይቅ፦ የሚያስተምረው ማን ነው? ልጄ በየቀኑ በገዛ እጁ ምን ይሠራል? የሠራውን የሚያርምለት ማን ነው? ከሚያውቀው ተነሥቶ ነውን የሚጀምረው? በመጨረሻስ በሰው ፊት ቆሞ ምን ያሳያል? ለእነዚህ መልስ የሰጠህን፣ ጎጆ ውስጥም ቢያስተምር፣ ልጅህን ስጠው። መልስ ያጣውን፣ ፎቅ ላይም ቢሆን፣ እለፈው። ተማሪ ሆይ፣ አንተም ሦስት ክረምት ብቻ እንዳለህ አስብ፤ አንዱ ምናልባት አልፏል።

መስከረም ሲጠባ በየቤቱ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ምንቸቱ ባዶ ከሆነ ግን ቢወጣም ቢገባም አንድ ነው።

ክረምቱን የሸጠ ለወረቀት ዋጋ፣
ምን ይዞ ይገባል መስከረም ሲነጋ?